የፈረስ ስምና የባለቤቱ ዝና

በቀድሞው የኢትዮጵያ ዜና መዋዕልና ፉከራ አንድ መኰንን ከልደት ስሙ ሌላ በጦር ፈረሱ ይጠራ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። በዚህ አጠራር «አባ» ማለት የፈረሱ ጌታ ማለት ሲሆን፣ አንዳንድ ግዴለሽ ጸሐፊዎች እንደሚያስቡት የምንኩስና ማዕረግ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስም ሆኑ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመንገሣቸው በፊት ካሣ ይባሉ ስለነበር፣ አንዱን አባ ታጠቅ፣ ሌላውን አባ በዝብዝ ብሎ መጥራት አድማጩን ከመደናገር ያድነዋል።

በጥንታዊው የኮሪያ ጽሑፍም የተከበረን ሰው በልደት ስሙ መጥራት እንደ ድፍረት ስለሚቆጠር፣ ሊቃውንቱ «ሆ» የሚባል የብዕር ስም ይይዙ ነበር፤ በ16ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈላስፋ ዪ ህዋንግ ትዌግዬ የሚለውን ስሙን የወሰደው በመኖሪያው አጠገብ ከሚፈስ ጅረት ነው። የብዕሩ ስም ከሹመት ርቆ መቀመጥን ሲያሳይ፣ የፈረሱ ስም ግን ለጦርነት የሚጠራ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ በዘመተው በቃኘው ሻለቃ ስም ላይ ነው። ስሙ «መቃኘት» ከሚለው ግሥ ጋር ስለሚመሳሰል ሻለቃው የቃኚ ጦር ነበር የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ሻለቃው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድቦ የተዋጋ እግረኛ ጦር ሲሆን፣ ስሙንም ያገኘው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባት ከሆኑት ከራስ መኰንን ፈረስ ነው፤ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ይባሉ ነበርና። ልጅ በአባቱ ፈረስ ስም ሠራዊት ማዝመቱ ለኮሪያ ሊቃውንት እንግዳ ባልሆነባቸው ነበር፤ የኮንፊሽየስ ትምህርት ራስን አስከብሮ የወላጅን ስም ማስጠራትን የልጅነት ግዴታ ፍጻሜ ያደርገዋልና። ይኸው የፈረስ ስም በኋላ በአስመራ ለነበረው የአሜሪካ የመገናኛ ጣቢያም ተሰጥቶ ነበር።

ሐዋሳ ከመቆርቆሯ በፊት ሲዳሞን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ደግሞ አባ ነፍሶ ናቸው። በአማርኛው ታሪክ አባ ነፍሶ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ መድፈኛ፣ በ1920 ዓ.ም. በራስ ተፈሪ ከሥልጣን የተነሡ ግትር ባላባት፣ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ የወደቁ አርበኛ ናቸው። በሲዳማ በኩል ግን የዚያ ዘመን አገዛዝ የሚታወሰው መሬትን ከባለቤቱ ነጥቆ ገበሬውን ለነፍጠኛ ግብርና ጉልበት ባስገበረው የገባር ሥርዓት ስለሆነ፣ በፉከራ የሚሞገሰው ስም በሐዋሳ ዙሪያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደመጥም።