የግልገሉ ተቅማጥ ከእናቱ መኖ ይጀምራል

በጎብዬና በአካባቢው ባሉ የራያ ቆቦ ቀበሌዎች የፍየል ግልገል በተቅማጥ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሚጣለው በበረቱ ቆሻሻ፣ በውኃው ወይም በብርዱ ላይ ነው። እነዚህ ሁሉ ምክንያት መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን በአንድ በረት ካደሩ፣ አንድ ውኃ ከጠጡ ግልገሎች መካከል አንዱ ሞቶ ሌላው የሚተርፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ልዩነቱን ለማግኘት ግልገሉ ከመወለዱ በፊት እናቱ ምን ስትበላ እንደከረመች መመልከት ያስፈልጋል።

ፍየል የምታረግዘው ለ150 ቀን ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር ለአምስት ወር ነው። ፅንሱ ከክብደቱ አብዛኛውን የሚያገኘው ግን በመጨረሻዎቹ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ውስጥ ነው። ክረምቱ ባወጣው ለምለም ጠግባ ጥቅምት 1 የተጠቃች ፍየል መጋቢት 1 አካባቢ ትወልዳለች። ብዙ ምግብ የምትሻበት ጊዜ እንግዲህ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የእህሉ ቃርሚያ ተግጦ አልቋል፤ በየግቢው የሚቀረው የማሽላ አገዳ ነው። አገዳው ሆድ ይሞላል እንጂ የያዘው ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ከ5 በመቶ አይበልጥም። በፍየሏ ሆድ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን መኖውን በወጉ እንዲያብላሉ ቢያንስ 7 በመቶ ያህል ያስፈልጋል። የበልጉ ዝናብ የዘገየ እንደሆነ ጉዳቱ ይብሳል፤ መንታ ያረገዘችውም ከሁሉም በላይ ትጎዳለች።

በማሕፀን ውስጥ ምግብ ሲያጥረው ፅንሱ ያገኘውን ደም በቅድሚያ ወደ አንጎልና ወደ ልብ ይልካል። የሚቀነስበት አንጀት ነው። ይህ ጉዳይ በዓለም ላይ በስፋት የተጠናው በአሳማ ግልገሎች ነው። አሳማ በራያ ቆላ የሚረባ እንስሳ ባይሆንም ከአንድ እናት በአንድ ጊዜ አሥርና ከዚያ በላይ ግልገል ስለሚወለድ ትልቁንና ትንሹን ወንድማማች ጎን ለጎን ማነጻጸር ይቻላል። ከሲታ ሆነው በተወለዱት ላይ የታየው፣ አንጀታቸው አጭርና ስስ መሆኑ ነው። ምግብ የሚመጡት ጣት መሰል ጥቃቅን እጥፋቶችም ያጥራሉ፤ ጀርም ወደ ደም እንዳያልፍ የሚከለክለው የአንጀት ግድግዳ ይላላል። ፍየል አመንዣጊ ናት፤ ሁሉም ነገር አንድ አይሆንም። ይሁን እንጂ ግልገሏ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምትኖረው በወተት ስለሆነ ሸክሙን የሚችለው ያው አንጀት ነው።

በዚህ ላይ የፍየል ግልገል በሽታ የሚከላከልበትን አቅም ከማሕፀን ይዞ አይወለድም፤ የሚያገኘው ከእንገር ነው። አንጀቱ ያን መከላከያ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻ ሲሆን ሰዓቱ በገፋ ቁጥር የሚያልፈው ይቀንሳል። በክብደቱ ያነሰ ግልገል ደግሞ ቶሎ ይበርደዋል፣ ለመቆም ይዘገያል፣ ጡት ለመሳብም ጉልበት ያንሰዋል። የተራበች እናት እንገሯም ትንሽ ነው።

በብዙ ቤት ፋጉሎና ፉርሽካ ሲገኝ የሚቀርበው ለፋሲካ ገበያ ለሚደልበው ሙክት ነው። ሙክቱ በወሩ ብር ስለሚያመጣ ይህ አያስወቅስም፤ ሆኖም ያረገዘችው ፍየል አገዳ ላይ ብቻ ስትተው የከርሞው ሙክት በማሕፀን ሳለ ይጎዳል። ከተወለደ በኋላ የሚሰጠው መኖ ይህን ጉድለት ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ስለዚህ ከመውለጃዋ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ በቀን ከ200 እስከ 300 ግራም ፉርሽካና ፋጉሎ ደባልቆ መስጠት ይመከራል። መግዛት ላልቻለ የግራር ፍሬና የአደንጓሬ ገለባ ከአገዳው ይሻላሉ። ፍየሏ የተጠቃችበትን ቀን በግድግዳ ላይ በከሰል መጻፍ ወጪ የለውም፤ ያለ እሱ ግን ስድስቱ ሳምንት መቼ እንደሚጀምር አይታወቅም።

ግልገሉ ከሲታ ሆኖ ከተወለደ ወዲያውኑ ማድረቅና ከነፋስ መከለል ይገባል፤ እንገሩንም ከሁለት ሰዓት ሳያልፍ ማግኘት አለበት። በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው የክብደቱ አንድ አሥረኛ ነው። ሁለት ኪሎ ለሚመዝን 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሦስት የቡና ሲኒ ገደማ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍሎ ይሰጣል። መሳብ ያቃተውን አልቦ በጡጦ ማጥባት ይቻላል፤ በግድ አፉ ውስጥ ማፍሰስ ግን እንገሩን ወደ ሳንባ ስለሚወስደው ግልገሉን ይገድለዋል።