የጎንደር ዘመን የአንገት ሥዕሎችና መስቀሎች የማን እጅ ሥራ ናቸው?

በጎንደር ዘመነ መንግሥት በአንገት ይንጠለጠሉ የነበሩት ተከፋች የእንጨት ሥዕሎች ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ መዳፍ ውስጥ ይገባሉ። ክዳናቸው ከውጭ በሐረግና በመስቀል ተፈልፍሎ ያጌጠ ነው። ሲከፈቱ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስም በፈረሱ ላይ ሆኖ ይታያሉ። የቅዱሳን መልክ የተቀረጸባቸው የነሐስና የብር መስቀሎችም የዚሁ ዘመን ሥራ ናቸው። ዛሬ ከእነዚህ ገሚሶቹ በአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት፣ ገሚሶቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ሌሎቹም በባሕር ማዶ ይገኛሉ። በአብዛኞቹ ላይ ግን የሠሪያቸው ስም የለም።

ስም የጠፋው በሁለት ምክንያት ነው። ሥዕሉን የሚሥሉት በአብዛኛው ካህናትና ደብተራዎች ስለነበሩ ሥራውን እንደ አገልግሎት እንጂ እንደ ዝና ማትረፊያ አያዩትም ነበር። ብረትና ነሐስ የሚቀጠቅጠው ባለሙያ ደግሞ የተናቀ ነበር። በጎንደርና በአካባቢዋ በአንጥረኝነት፣ በሸክላና በግንበኝነት የታወቁት ቤተ እስራኤሎች ለነገሥታቱ ከተማ ብዙ ሠርተዋል፤ ማኅበረሰቡ ግን ዕቃቸውን እየተጠቀመ እነሱን ይሸሽ ነበር። ይህ ግፍ የብዙ ጠቢባንን ስም ከታሪክ አስቀርቷል።

በዕቃው ላይ ጽሑፍ ሲገኝም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው ያሠራውና ለቤተ ክርስቲያኑ የሰጠው ሰው ነው። በመስቀሉ ግርጌ ተደፍቶ የሚታየው ሰውም እሱው ነው። ይህን ስም ከሠሪው ስም ጋር ማምታታት በዚህ ጥናት ላይ በጣም የተለመደው ስሕተት ነው። የሰጪው ስም ሠሪውን ባይነግርም ዘመኑንና ቦታውን ያሳያል። ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የወርቅ ጽዋ ዐፄ ዳግማዊ ኢያሱንና እናታቸውን ወለተ ጊዮርጊስን ጠቅሶ ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን እንደተሰጠ ይናገራል። ወለተ ጊዮርጊስ የእቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስም ስለሆነ፣ ጽዋው በ18ኛው መቶ ዓመት ለጎንደር ቁስቋም መሠራቱ በዚሁ ይታወቃል።

ስሙን የጻፈ ሠዓሊ ጥቂት ነው፤ አንድ ስም ግን ብዙ በር ይከፍታል። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው የእመቤታችን ሥዕል በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) በፍሬ ጽዮን እጅ እንደተሣለ በራሱ ላይ ተጽፎበታል። አሜሪካዊቷ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ማሪሊን ሄልድማን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዚህ ተነሥተው፣ ስም የሌላቸውን ሌሎች ሥዕሎች ከፊት አሣሣሉና ከልብሱ እጥፋት እያመሳከሩ ከፍሬ ጽዮንና ከተከታዮቹ ጋር መድበዋል። መንገዱ ይህ ነው፤ ከተረጋገጠ አንድ ሥራ ተነሥቶ ወደማይታወቀው መሄድ።

ለጎንደር ዘመን ሥራዎች መጀመሪያ የሚለየው ጊዜው ነው። ከዐፄ ፋሲለደስ ዘመን አንሥቶ እስከ 18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበረው የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ደማቅና ጠፍጣፋ ቀለም፣ ወፍራም ንድፍ፣ በትይዩ መስመር የተሠመረ የልብስ እጥፋት አለው። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የደረሰው ሁለተኛው አሣሣል ግን ፊትን በጥላ ያደልባል፣ ልብስን በአበባና በጌጥ ያንቆጠቁጣል፣ ከበስተኋላ ያለውንም ቀለም ከአንዱ ወደ ሌላው ያሸጋግራል። በደቅ ደሴት የናርጋ ሥላሴ ሥዕሎች ለዚህ ዋና ማመሳከሪያ ናቸው፤ እቴጌይቱም ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለውበታል።

የአሣሣል ዘመን መለየት ግን ሠሪን መለየት አይደለም። ሁሉም ከአንድ ዓይነት አብነቶች ይቀዱ ነበርና። ኢየሱሳውያን ያመጡት የሮማዋ የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ሥዕለ ማርያም ቅጂ በመላ አገሪቱ ተደጋግሞ ተሥሏል። እ.ኤ.አ. በ1590–91 ሮም ላይ የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም ለጎንደር ሠዓልያን አብነት ሆነዋል። ስለዚህ እመቤታችን እጇን እንዴት እንዳጣመረች ማየት ስለ ሠሪው ምንም አይናገርም። የሚናገሩት ሠሪው ሳያስብባቸው የሚሠራቸው ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፦ የጆሮው ቅርጽ፣ የጣት ጫፍ፣ የዐይን ሽፋሽፍት፣ የፊደሉ አጣጣል። በተፈለፈለው ክዳን ላይ ደግሞ የቢላው ጥልቀት፣ ሐረጉ ጥግ ሲደርስ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ የተሳሳተው መስመር እንዴት እንደተሸፈነ ይታያል። የሰው የእጅ ጽሑፍ ከስሙ ይልቅ በፊደሉ እንደሚታወቅ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ዓመት ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሞሬሊ ይህን ዘዴ ለአውሮፓ ሥዕሎች ሥርዓት አስይዞለታል።

ሠሪን በእጁ የመለየት አስቸጋሪነት ግን በአውሮፓም የታወቀ ነው፤ ካሜዮ ለዚህ ምሳሌ ነው። ካሜዮ ማለት ቀለማቸው በተደራረቡ ድንጋዮች ወይም ዛጎሎች ላይ ጎልቶ የሚወጣ ቅርጽ ነው። ጣሊያናዊው ቤኔዴቶ ፒስትሩቺ በካሜዮ የሠራውን የፍሎራ ራስ ሪቻርድ ፔይን ናይት የተባለ እንግሊዛዊ ሰብሳቢ የጥንት ሮማውያን ሥራ ነው ብሎ ገዛው። ፒስትሩቺ ለንደን ደርሶ «የእኔ ነው» ቢልም ናይት አላመነውም። የፖላንዱ ልዑል ፖኒያቶውስኪም በዘመኑ ባለሙያዎች ባስቀረጻቸው ሁለት ሺህ ከሚበልጡ የቅርጽ ድንጋዮች ላይ የጥንት ግሪካውያን ጠራቢዎችን ስም አስጽፎባቸው ነበር። ስም ብቻውን ማስረጃ እንዳልሆነ ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ የለም።

ስለዚህ ቁሱም ይጠየቃል። ሰው ሠራሽ የላጲስ ሰማያዊ ቀለም የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1828 ገደማ ነው፤ ከሥዕሉ ከተገኘ ወይ ሥዕሉ ከዚያ በኋላ ነው፣ ወይም ቆይቶ ተቀብቷል። ጭስና ቅባት የተቀባ አዲስ ሥዕል ሁሉም ቦታ እኩል ይጠቁራል። በእርግጥ ያረጀው ግን ጣት በሚነካው ጫፍና ገመዱ በሚያልፍበት ቀዳዳ ይለሰልሳል፣ የተደበቀው ጥግ ግን ትኩስ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ዕቃው ከቦታው መነቀሉ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ ከዚያ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ዘርፈው አጋዙት። እ.ኤ.አ. በ1888 የሱዳን ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙ ቤተ ክርስቲያን ወደመ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳዊው ተመራማሪ የማርሴል ግሪዮል ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕሎችን ወደ ፓሪስ ወሰደ። ከየትኛው ደብር እንደወጣ የማይታወቅ መስቀል ከጎረቤቱ መስቀል ጋር ሊነጻጸር አይችልም፤ ሠሪውም ከሥራ ባልደረቦቹ ይነጠላል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በዚህም የተነሣ ሊከበር ይገባዋል።

ዕቃው በቦታው እያለ የሚደረግ ጥሩ ምዝገባ የፊቱን ብቻ ሳይሆን የጀርባውን፣ የጎኑን፣ የመታጠፊያውንና የማንጠልጠያውን ፎቶ ይይዛል። የጽሑፉን ፊደል እንዳለ ይገለብጣል፣ ሰጪው ማን እንደተባለ ይለያል፣ ዕቃው በየትኛው ደብር እንደተቀመጠና ካህናቱ ስለ አመጣጡ የሚሉትንም ይመዘግባል። ሁለት ሥራዎች የአንድ እጅ መሆናቸው የሚረጋገጠውም እንዲህ የተያዙ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀርቡ ነው።