በኤኤስ/400 የቆመ የኅትመት ሥራን ማቋረጥ

ኤኤስ/400 የአይቢኤም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ለገበያ ያቀረበው፣ በመካከለኛ ደረጃ የሚመደብ የንግድ ኮምፒውተር ነው። የሲስተም/36 እና የሲስተም/38 ተተኪ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ተሠራ። ስያሜው በየጊዜው ተቀያይሮ ስርዓተ ክወናው ዛሬ አይቢኤም አይ ይባላል፤ የኅትመት አሠራሩ ግን በመሠረቱ አልተለወጠም። ድርጅቶች ደረሰኝ፣ የደመወዝ ዝርዝርና ቼክ የሚያትሙበት ስለሆነ የአንድ ፕሪንተር መቆም የቀኑን ሥራ ሊያስተጓጉል ይችላል።

የኅትመት አሠራር

በዚህ ሥርዓት የሚታተመው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ፕሪንተር አይሄድም። በመጀመሪያ ስፑል ፋይል ሆኖ በዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያም በውጤት ወረፋ ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ከወረፋው እያነሳ ወደ ፕሪንተሩ የሚልከው ራይተር የሚባል ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የሚሠራውም ኪውስፕል በተባለ ንዑስ ሥርዓት ውስጥ ነው። ስለዚህ «ፕሪንተሩ አላትምም አለ» ሲባል የተያዘው ፋይሉ፣ ወረፋው ወይም ራይተሩ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ምንም የተበላሸ ነገር የለም፤ ፋይሉን የሚጽፈው ፕሮግራም ገና አልጨረሰም።

ለምን ይቆማል?

የተለመደው ምክንያት መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው። ለምሳሌ አንድ ፋይል በፕሪንተሩ ላይ ካለው የተለየ ዓይነት ወረቀት ከጠየቀ፣ ራይተሩ ወረቀቱ እንዲቀየር የሚያሳስብ መልእክት ልኮ መልስ ይጠብቃል። መልእክቱ የሚደርሰው በመልእክት ወረፋ በኩል ለኦፕሬተሩ እንጂ ኅትመቱን ላዘዘው ሰው ስላልሆነ፣ ያላየው ሰው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። በራይተሮች ዝርዝር ላይ «መልእክት ይጠብቃል» የሚል ሁኔታ ከታየ መፍትሔው መልእክቱን ከፍቶ መመለስ ነው። ይህን ትቶ ራይተሩን ዘግቶ መክፈት ብዙ አይጠቅምም፤ ያው ፋይል አሁንም በወረፋው ራስ ላይ ስለሆነ ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

የማቋረጫ ደረጃዎች

ችግሩ የአንድ ፋይል ብቻ ከሆነ ፋይሉን ማገድ ወይም መሰረዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ራይተሩን መንካት አያስፈልግም።

ራይተሩን ለማቆም ኤንድ ራይተር የሚባለው ትእዛዝ ሦስት አማራጮች አሉት። «ኮንትሮልድ» የተጀመረውን ፋይል አስጨርሶ ያቆማል፤ ሌላ ካልተመረጠ ሥርዓቱ የሚወስደው ይህንን ነው። «ፔጅ ኤንድ» ገጹ እንዳለቀ፣ «ኢሚዲየት» ደግሞ ወዲያውኑ ያቆማሉ። ራይተሩ በተጣበቀበት ሁኔታ «ኮንትሮልድ» ፋይዳ የለውም፤ ሊያልቅ የማይችለውን ፋይል ይጠብቃልና።

«ኢሚዲየት» ፋይሉን አያጠፋም። ፋይሉ በወረፋው ይቆይና ራይተሩ ሲጀምር እንደገና ይታተማል፤ ቼክ ወይም ደረሰኝ ከሆነ በከፊል የወጣው ገጽ ሁለት ጊዜ ሊወጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ኦፕሬተሮች ራይተሩን ከማስጀመራቸው በፊት ፋይሉን ያግዳሉ፤ የወጡትንም ወረቀቶች ይቆጥራሉ። ወደ ፕሪንተሩ ማኅደረ ትውስታ የገቡ ገጾች ከኮምፒውተሩ ቁጥጥር ውጭ ስለሆኑ ራይተሩ ከቆመ በኋላም ሊወጡ እንደሚችሉ መዘንጋት የለበትም።

ይህም ካልሠራ፣ ራይተሩ እንደማንኛውም ሥራ በኤንድ ጆብ «ኢሚዲየት» ይዘጋል። የመጨረሻው ኤንድ ጆብ አብኖርማል ሲሆን፣ የሚፈቀደው በ«ኢሚዲየት» ለማቆም ከተሞከረ 10 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ብቻ ነው። ትእዛዙ ከተሰጠ ሥርዓቱ በቀጣይ ሲዘጋ አዘጋጉ ያልተለመደ ተብሎ ይመዘገባል፤ ለአንድ ፕሪንተር ሲባል የሚከፈል ከባድ ዋጋ ነው።