ከታች የቀሩ ትምህርት ቤቶች እንዴት ይነሳሉ? ከለንደን የምንማረው

ሁለት ትምህርት ቤቶች እናስብ። ከመጀመሪያው 100 ተፈታኞች 60ዎቹ አለፉ፤ ከሁለተኛው 35ቱ ብቻ። የትኛው ይሻላል? «ይሄማ ምን ያጠያይቃል!» ትሉ ይሆናል። ቆዩ፣ አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል የሚያስገባው በፈተና መርጦ ነው። ሁለተኛው የሰፈሩን ልጅ በሙሉ፣ ማንበብ የሚቸገረውንም ጭምር ይቀበላል። አሁንስ?

እኔ የተማርኩት የሁለተኛው ዓይነት ትምህርት ቤት ነው። ውጤት በወጣ ቁጥር ሰልፍ ላይ ቆመን «ከመጨረሻዎቹ ነን» ይባልልን ነበር። ምን ብናደርግ እንደሚሻል ግን ማንም አልነገረንም። በኋላ ምህንድስና ስማር ነገሩ ገባኝ፦ ቀይ መብራት ማሽኑ ችግር እንዳለበት ይነግራችኋል እንጂ የቱ ጋ እንደተበላሸ አይነግራችሁም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። «አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች» የሚለው ወሬም ያኔ ከአፍ አልጠፋም። ቀይ መብራቱ በርቷል ማለት ነው። ከዚያስ? እስቲ አንድ ከተማ የሞከረውን እንይ።

ለንደን ምን አደረገች?

እ.ኤ.አ. በ2003 የእንግሊዝ መንግሥት «ለንደን ቻሌንጅ» የተባለ ፕሮግራም ጀመረ። ያኔ የለንደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውጤት ከአገሪቱ አማካይ በታች ነበር። ፕሮግራሙን በዋና አማካሪነት የመሩት ቀደም ሲል የበርሚንግሃም ከተማን ትምህርት ያስተዳደሩት ቲም ብራይሃውስ ናቸው።

የመጀመሪያው ሥራ ልኬቱን ማስተካከል ነበር። ትምህርት ቤቶችን ሁሉ በአንድ ረድፍ ከማሰለፍ ይልቅ «ቤተሰብ» በሚባሉ ቡድኖች ከፈሏቸው። አንድ ቤተሰብ ውስጥ የሚገቡት ተመሳሳይ ተማሪ የሚቀበሉ ናቸው፤ ማለትም ልጆቹ ሲገቡ የነበራቸው ውጤት፣ በችግር ምክንያት ነጻ ምሳ የሚያገኙት ብዛት፣ የመሳሰለው የሚቀራረብ።

ከዚያ እያንዳንዱን ትምህርት ቤት ግራፍ ላይ አስቀመጡት። አንዱ መስመር የአሁኑን ውጤት፣ ሌላው ደግሞ ባለፉት ዓመታት የታየውን ለውጥ ያሳያል። ለምን የብዙ ዓመት ለውጥ? የአንድ ዓመት ውጤት ስለሚዋዥቅ ነው። 40 ተፈታኝ ባለበት ትምህርት ቤት አራት ልጆች ቢታመሙ ውጤቱ በ10 በመቶ ሊወርድ ይችላል። በሚቀጥለው ዓመት ማንም ምንም ሳያደርግ መልሶ ይወጣል፤ ዳይሬክተሩም በከንቱ ይመሰገናል።

ይህ ግራፍ ሁለት ሰበብ ያሳጣል። ዝቅ ያለው ትምህርት ቤት «የእኛ ልጆች እኮ ድሆች ናቸው» እንዳይል፣ እንደ እሱ ያሉ ልጆች ይዞ የተሻለ የሠራ ጎረቤት አለው። ከላይ ያለውም ተኝቶ ከሆነ ይታወቅበታል።

ቀጥሎ የመጣው እርዳታ ነው። በጣም የተቸገሩት «የወደቁ» ተብለው አልተሰየሙም፤ «የስኬት ቁልፎች» ተባሉ። ለእያንዳንዳቸው ልምድ ያለው አማካሪ ተመደበ። እሱም የቱ ጋ እንደተበላሸ (አመራሩ ይሁን የሒሳብ ክፍሉ ወይስ ሥነ ሥርዓቱ) ለይቶ ጠንካራ ከሆነ ትምህርት ቤት ጋር ያገናኛቸዋል። መምህራኑም አዳራሽ ተቀምጠው ሥልጠና ከመስማት ይልቅ ሌላ ትምህርት ቤት ሄደው ጎበዝ መምህር ሲያስተምር ያያሉ፣ ተመልሰው ይሞክራሉ።

በ2010 የለንደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውጤት ከአገሪቱ አማካይ በላይ ነበር። ፕሮግራሙ በ2011 አበቃ።

ግን በእሱ ምክንያት ነው?

እዚህ ጋ ጠንቀቅ እንበል። በ2014 የወጡ ሁለት ጥናቶች ነገሩን አወሳስበውታል። አንደኛው፣ ገንዘብ ነክ ጉዳዮችን የሚያጠናው አይኤፍኤስ የተሳተፈበት፣ የድሃ ልጆች ውጤት የተሻሻለበት ትልቅ ምክንያት ቀድሞ በአንደኛ ደረጃ የመጣው መሻሻል ነው ይላል። ልጆቹ በ11 ዓመታቸው ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ከድሮዎቹ የተሻሉ ነበሩ። ሁለተኛው፣ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲው ሳይመን በርጀስ የሠሩት፣ የስደተኛ ቤተሰቦች ልጆች ለትምህርት ያላቸውን ትጋት ያነሳል። ለንደን ደግሞ እንደዚህ ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው። ፕሮግራሙ በ2008 ወደ ማንችስተር አካባቢና ወደ ብላክ ካንትሪ ሲሄድም ለውጡ በሁለተኛ ደረጃ የለንደንን ያህል ጎልቶ አልታየም።

ታዲያ ከንቱ ነበር? አይደለም። አንድ ሥርዓት ላይ አምስት ነገር አንድ ላይ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ መለየት ይከብዳል፤ ላብራቶሪ ውስጥም እንዲሁ ነው። በእኔ ግምት፣ አማካሪውም ግራፉም የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ግን 3ኛ ክፍል ላይ ማንበብ ያልቻለ ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ በአማካሪ አይድንም።

ስለዚህ የሚቀጥለው ውጤት ሲወጣ የእናንተን ሰፈር ትምህርት ቤት ከዝርዝሩ ግርጌ ካያችሁት፣ ከመፍረዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የገቡት ልጆች ሲገቡ ምን ያህል ያውቁ ነበር? ባለፉት ሦስት ዓመታት ውጤቱ ወዴት እየሄደ ነው? እንደ እሱ ያሉ ልጆች ይዞ የተሻለ የሠራው ትምህርት ቤት የትኛው ነው፣ መምህራኑስ ሄደው አይተውታል? የመጨረሻውን ጥያቄ ለወላጆች ስብሰባ ያዙት። ለመጀመር ከትራንስፖርት ሌላ ብዙም ወጪ የለውም።