ከሴሮቶኒን ወዲህ

እ.ኤ.አ. በ2022 የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቿ ድብርት የሚመጣው ሴሮቶኒን ከተባለው የአንጎል ኬሚካል ማነስ ነው ለሚለው አባባል አሳማኝ ማስረጃ አላገኘንም ካሉ ወዲህ፣ «ታዲያ ከምን ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ከሐኪም ቤት አልፎ ቡና ላይ ደርሷል። (መድኃኒቱ ይሠራል አይሠራም ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ወሬ ኪኒኑን ያቆመ ሰው ካለ ሐኪሙን ያነጋግር።)

አንዱ መልስ ጭንቀት ነው። ስጋት ሲገጥመን ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲሶል ያመነጫሉ፤ በደህናው ጊዜ ኮርቲሶሉ ራሱ ተመልሶ አንጎልን ያበርደዋል። ብዙ ከባድ ድብርት ያለባቸው ሰዎች ላይ ይህ ማብረጃ ይላላል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ በርናርድ ካሮል ኮርቲሶልን በሚመስለው መድኃኒት በዴክሳሜታሶን ተመርኩዞ ያቀረበው ምርመራ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ግን ሕመሙን በአስተማማኝ ሁኔታ አልለይ ብሎ ቀረ። ስለ ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም ለህዋስ ኃይል ስለሚያመነጩት ክፍሎች፣ የሚባለውም ደስ ይላል፤ የድካሙን ነገር ሊያስረዳ ይችላል። ለጊዜው ግን ከማስረጃው መላምቱ ይበዛል።

እኔን የሚይዘኝ የሰውነት መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሰው ሳይታሰብ ተፈትኗል። ለሄፓታይተስ ሲና ለአንዳንድ ካንሰር ሕክምና ኢንተርፌሮን አልፋ ለወራት ይወጋ ነበር። መርፌው የሰውነትን መከላከያ ይቀሰቅሳል፤ ከታካሚዎቹ ብዙዎቹ ምግብ ይጠሉ፣ እንቅልፍ ያጡ፣ የሚወዱት ነገር ሁሉ ያስጠላቸው ጀመር። በ2001 በታተመ ጥናት፣ ሜላኖማ የተባለ የቆዳ ካንሰር ኖሮባቸው ኢንተርፌሮኑን ከሚወጉ ታካሚዎች መካከል ማስመሰያ ኪኒን ከወሰዱት 20 ሰዎች 9ኙ በከባድ ድብርት ሲያዙ፣ ፓሮክሴቲን ቀድመው ከጀመሩት 18 ሰዎች የተያዙት 2 ብቻ ነበሩ። ፓሮክሴቲን ደግሞ ያው የሴሮቶኒን መድኃኒት ነው!

ታዲያ መቆጣቱን ብናበርደው ድብርቱ ይለቃል? በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ቻርልስ ሬይሰንና አንድሩ ሚለር ሌላ መድኃኒት እምቢ ያላቸውን 60 ሕሙማን ወስደው፣ ለግማሾቹ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠውን መቆጣት አብራጅ ኢንፍሊክሲማብ ሰጡ። በ2013 የታተመው ውጤት በጥቅሉ ሲታይ መድኃኒቱ ከማስመሰያው አልበለጠም። ሲአርፒ የተባለው የመቆጣት ምልክት በደማቸው ውስጥ በሊትር ከ5 ሚሊግራም በላይ የሆነባቸው ግን ሻል አላቸው፤ ዝቅ ያለባቸው ደግሞ በማስመሰያው የተሻለ ለውጥ አሳዩ። ለእኔ የዘርፉ ትልቁ ዜና ይሄ ነው። «ድብርት» ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ከአንድ በላይ ሕመም ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ወደ ጎን ትተው ድብርት ሁሉ መቆጣት ነው የሚሉ አሉ፤ እርድ መቆጣትን ያበርዳል እያሉ የሚሸጡትን ሳንጨምር። በ2022 ጀርመን ውስጥ መቆጣትን ያበርዳል የተባለው አንቲባዮቲክ ሚኖሳይክሊን በሲአርፒ ሳይመረጡ ለተሰበሰቡ ሕሙማን ሲሰጥ ከማስመሰያው አልተሻለም። ሲአርፒም ቢሆን በውፍረት፣ በሲጋራ፣ በማንኛውም ኢንፌክሽን ይጨምራል። ተላላፊ በሽታ በሚበዛበት በእኛ አገር፣ አንድ የተከዘ ሰው ሲአርፒው ከፍ አለ ቢባል ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ትኩሳትና ሳል ነው።