ጤፉ ዓውድማ ሲደርስ



ኅዳር ሲገባ ማጭዱ ይሳላል። ጤፉ ቢጫ ሲሆን አትዘግዩበት፤ ከልክ በላይ ከደረቀ ፍሬው እየረገፈ መሬት ላይ ይቀራል። ታጭዶ ሳይከመር ደግሞ ያለጊዜው ዝናብ ቢመታው... ይህንንስ ለእናንተ ማስረዳት የእኔ ነገር አይደለም፣ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ! በደቦም ይሁን በወንፈል ቶሎ አጭዶ መከመር ነው። ዓውድማውም በእበት በደንብ ይለቅለቅ። አለዚያ አፈሩ ከጤፉ ጋር ይቀላቀልና እናቶቻችን በወንፊት ሲነፉ ይመሽባቸዋል።

እኔ አጥብቄ የምነግራችሁ ስለ ዘሩ ነው። አንድ ዓመት አባቴ እህሉን ሁሉ በአንድ ጎተራ ከተተው። ክረምት ሲገባ ዘሩም አብሮ ተበልቶ አለቀ። ጥር ላይ በርካሽ የሸጠውን ጤፍ ሐምሌ ላይ በውድ ገዝቶ ዘራ። ስለዚህ ከማጨዳችሁ በፊት ደህና ደህናውን ዛላ ምረጡ፤ ለብቻው ውቁት፤ ለብቻው አስቀምጡት። ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። ማሽላና በቆሎ ግን በደንብ ሳይደርቁ ጎተራ ከገቡ ነቀዝ ይጫወትባቸዋል።

እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ጭሰኛው ካመረተው ላይ ሢሶው ወይም እኩሌታው ለባለመሬት ይሰፈር ነበር። ስፍሩ ቢጎድል ቢሞላ ማን ይቆጥራል? ቁጥር የተማረ ሰው ግን ገበያ ሲወጣ ሚዛኑን ራሱ ያንብብ። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፣ አንድም አይጎድል!

እናቴ ፊደል ከቆጠረች ወዲህ ጎታው ላይ በከሰል «ዘር ነው፣ አይነካ» ብላ ጽፋለች። «ዘ»ን ገልብጣታለች፤ ቢሆንም አባቴ አንብቦታል።