መንገድ የወለደው በዓል

በሐዋሳ ከተማ፣ በአዲስ ከተማ የምትኖሩ ተማሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ ብዙ ሕዝብ በእግሩ ወደ ጉዱማሌ አደባባይ ሲጓዝ ታያላችሁ። ጉዞው የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላን፣ ለማክበር ነው።

በዓሉ ራሱ ከመንገድ የተወለደ ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ አንዲት ሲዳማዊት ካገባች በኋላ በየዓመቱ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ትጠይቅ ነበር። ስትሄድም ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡሪሳሜ ትይዛለች፤ ጎረቤትም ይካፈለዋል። ፍቼ የእርሷ መታሰቢያ ነው።

ዕለቱን የሚወስኑት ጨረቃንና ከዋክብትን የሚመረምሩ፣ አያንቶ የሚባሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ሕዝቡ ከእርጥብ እንጨት በተሠራው ሁሉቃ ሥር ሾልኮ ከአሮጌው ዘመን ወደ አዲሱ ይሻገራል። ልጆችም ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ጎረቤቶቻቸውን ሰላም ይላሉ፤ ቡሪሳሜም ይቀርብላቸዋል። የጎሳ መሪዎች ደግሞ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ፣ በሐሰት እንዳይመሰከር፣ ሽማግሌ እንዲከበር ይመክራሉ። ዩኔስኮ ይህን በዓል በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ዛፍን መጠበቅና ዘመድን መጠየቅ በአንድ በዓል የተጣመሩት ለምን ይመስላችኋል? ሁለቱም ሲዘነጉ ስለሚጠፉ ነው። ያልተሄደበትን ጐዳና ሣር ይውጠዋል፤ ያልተጠየቀ ዘመድም ባዕድ ይሆናል። እናንተስ ሳትሄዱበት የቆያችሁት የዘመድ መንገድ የትኛው ነው?